ከባሕር ወደ መስታወት ገንዳ፦ የጉዞ ጫና የኮራልን ቀለም እንዴት ይለውጣል?

መግቢያ

ኮራሎች ከተፈጥሮ መኖሪያቸው ወይም ከማራቢያ ጣቢያ ተነሥተው አኳሪየም ወደሚባለው የመስታወት ገንዳ እስኪገቡ ድረስ ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። በዚህ ንግድ ውስጥ በላኪነት ኢንዶኔዥያ፣ በተቀባይነት ደግሞ ዩናይትድ ስቴትስ ለብዙ ዓመታት በቀዳሚነት ሲጠቀሱ ቆይተዋል። ድንጋያማ አጽም ያላቸው ኮራሎች በመጥፋት አደጋ ላይ ያሉ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት በሁለተኛው ዝርዝር ሥር ስለሚገኙ ያለፈቃድ ከአገር ወደ አገር አይሸጋገሩም። ፈቃዱ ግን ስለ ጉዞው ሕጋዊነት እንጂ ስለ ተጓዡ ደኅንነት ብዙ አይናገርም።

ሣጥኑ ሲከፈት ተቀባዩ ብዙውን ጊዜ የሚያየው የጠበቀውን አይደለም። በባሕር ውስጥ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ወይም ሮዝ የነበረው ኮራል ገርጥቶ ይገኛል። አንዳንዱ በቀጣዮቹ ሳምንታት ቡናማ ይሆናል፤ ሌላው ጨርሶ ይነጣል። ይህ የመልክ ለውጥ ምንን ያመለክታል? እንስሳው እየሞተ ነው ወይስ ከአዲሱ አካባቢ ጋር እየተላመደ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለጥያቄው ሥነ ሕይወታዊ መልስ መስጠት ነው። ከዚህ በታች እንደምንመለከተው ቀለም የጤና ቀጥተኛ መለኪያ አይደለም። ቡናማ ኮራል ጤነኛ፣ ዓይን የሚማርከው ኮራል ደግሞ የተራበ ሊሆን ይችላል። ይህን ለይቶ አለማወቅ ከጉዞ የተረፈውን እንስሳ በእንክብካቤ ስም እስከ መግደል ያደርሳል።

ኮራል ምንድን ነው?

ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ድንጋይ፣ ተክል ቢመስልም ተክል አይደለም። ከጄሊ ዓሣ ጋር የሚዛመድ እንስሳ ነው። አንድ የኮራል ቅርንጫፍ በጣም ብዙ ጥቃቅን እንስሳት በኅብረት የሚኖሩበት መንደር ሲሆን፣ እያንዳንዱ ነዋሪ ፖሊፕ ይባላል። ፖሊፕ አፍና በአፉ ዙሪያ የተደረደሩ ጣት መሰል አካላት አሉት። ከሥሩ ካልሲየም ካርቦኔት እያመነጨ ነጭ አጽም ይገነባል። ሕይወት ያለው ክፍል ይህን አጽም እንደ ስስ ጨርቅ የሚሸፍነው ኅብረ ሕዋስ ብቻ ነው።

በዚህ ስስ ኅብረ ሕዋስ ውስጥ ዙዛንቴላ የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ ዋቅላሚዎች ይኖራሉ። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ላይ ቁጥራቸው እስከ ሚሊዮን ይደርሳል። ኮራሉ መጠለያና ከምግብ ልመት የሚወጡ ተረፈ ውሕዶችን ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም በብርሃን አስተፃምሮ የሠሩትን ስኳርና ሌሎች ንጥረ ምግቦች ያካፍሉታል። ኮራሉ ከሚያስፈልገው ኃይል እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ከእነዚህ ተዳባዮች ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በጉዞ ላይ ያለ ኮራል አንድ እንስሳ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ፍጥረታት በአንድ ሣጥን ውስጥ አብረው ይጓዛሉ።

የቀለም ምንጮች

በኮራል ላይ የምናየው መልክ የሦስት ነገሮች ድምር ነው። የመጀመሪያው ከዙዛንቴላ የሚመጣው ቡናማ ቀለም ነው። እነዚህ ዋቅላሚዎች ክሎሮፊልና ፔሪዲኒን የተባሉ ብርሃን የሚያጠምዱ ውሕዶች ስላሏቸው በብዛት ሲከማቹ ወርቃማ ቡናማ ይመስላሉ።

ሁለተኛው እንስሳው ራሱ የሚሠራቸው ቀለማዊ ፕሮቲኖች ናቸው። አረንጓዴው፣ ቀዩ፣ ሐምራዊውና ሰማያዊው መልክ በአብዛኛው የእነዚህ ነው። የፕሮቲኖቹ ታሪክ ከአኳሪየም ጋር የተቆራኘ መሆኑ ያስገርማል። የዘርፉ በር የተከፈተው ኦሳሙ ሺሞሙራ የተባሉት ጃፓናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 ከጄሊ ዓሣ አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ማግኘታቸውን ይፋ ባደረጉ ጊዜ ነው። በ1999 ደግሞ የሩሲያ ተመራማሪዎች የዚህን ፕሮቲን ዘመዶች፣ ቀዩን ጨምሮ፣ ከኮራልና ከኮራል ዘመዶች ማግኘታቸውን አሳወቁ። ለጥናቱ ካገለገሉት ናሙናዎች መካከል በሞስኮ ለአኳሪየም ከሚሸጡ እንስሳት የተገኙ ነበሩበት። ሺሞሙራ፣ ማርቲን ቻልፊ እና ሮጀር ቺየን በአረንጓዴው ፕሮቲን ግኝትና ሥራ ላይ ማዋል በ2008 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ሦስተኛው ከሥር ያለው የአጽሙ ንጣት ነው። ኅብረ ሕዋሱ ብርሃን አሳላፊ በመሆኑ ዋቅላሚውና ፕሮቲኑ ሲቀንሱ ነጩ አጽም ከሥር ይታያል። እዚህ ላይ ለጌጥ የሚውለውን ቀይ መርጃን ማነጻጸር ይጠቅማል። የመርጃን ቅላት በአጽሙ ውስጥ የተዋሐደ ስለሆነ እንስሳው ከሞተ ከዘመናት በኋላም አይለቅም። የአኳሪየም ኮራል ቀለም ግን በሕያው አካል ላይ ያለ በመሆኑ ከሕይወቱ ሁኔታ ጋር ይለዋወጣል።

በሣጥኑ ውስጥ የሚሆነው

ኮራሉ ውኃና ኦክስጅን በተሞላ የፕላስቲክ ከረጢት ይታሸጋል፤ ከረጢቱም ሙቀት በሚከላከል የፎም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ አራት ዓይነት ጫናዎች በአንድነት ይደርሱበታል።

አንደኛው ጨለማ ነው። ብርሃን ሲቋረጥ ብርሃን አስተፃምሮ ይቆማል። ዋቅላሚው ኦክስጅን መስጠቱን ትቶ እንደ ኮራሉ ሁሉ ኦክስጅን ተጠቃሚ ይሆናል። ምግብ አቅራቢው ሥራ ስላቆመ ኮራሉ ባጠራቀመው ስብ መኖር ይጀምራል።

ሁለተኛው የውኃው መበላሸት ነው። ሁለቱም ፍጥረታት በሚተነፍሱት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምክንያት በከረጢቱ ያለው ውኃ ወደ አሲድነት ያዘነብላል። ከኮራሉ የሚወጣው አሞኒያም ይጠራቀማል። አሲድነቱ ከፍ ባለ ውኃ ውስጥ ከአሞኒያው አብዛኛው አሞኒየም ወደሚባለውና ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው መልክ ይቀየራል። ከረጢቱ ተከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲተን ግን የአሲድነቱ መጠን ይቀንስና አሞኒየሙ ወደ መርዛማው አሞኒያ ይመለሳል። ከረጢቱን ከፍቶ ኮራሉን በዚያው ውኃ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ማቆየት የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የሙቀት መለዋወጥ ነው። አብዛኞቹ የሪፍ ኮራሎች የሚስማማቸው ከ23 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ሙቀት ነው። በባሕር ውስጥ ከተለመደው የበጋ ከፍተኛ ሙቀት በ1 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ለሳምንታት መቆየቱ ኮራልን ለማንጣት ይበቃል። ቅዝቃዜም እንዲሁ ያነጣል። በጭነት ማከማቻ ደጃፍ ለሰዓታት የተረሳ ሣጥን በሁለቱም አቅጣጫ ከዚህ ወሰን ሊወጣ ይችላል።

አራተኛው አካላዊ ጉዳት ነው። መነካካት፣ መነቅነቅና ከአለት መቆረጥ ፖሊፖቹ ወደ አጽማቸው እንዲሰበሰቡና ዝልግልግ ፈሳሽ በብዛት እንዲያመነጩ ያደርጋል። ፖሊፕ ሲሰበሰብ ኅብረ ሕዋሱ ስለሚሳሳ ምንም የቀለም መጥፋት ሳይኖር ኮራሉ የገረጣ ይመስላል።

ቀለሙ መቼ ይለወጣል?

እዚህ ላይ አንድ ቁልፍ ነጥብ አለ። የኮራል ቀለማዊ ፕሮቲኖች አንዴ ከተሠሩ በኋላ በቀላሉ አይፈርሱም፤ ዕድሜያቸው በሳምንታት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ጨለማ ብቻውን አረንጓዴውን ወይም ሐምራዊውን መልክ አያጠፋም። ሣጥኑ ሲከፈት የሚታየው ቀለም ከጉዞው በፊት የነበረው ኑሮ ውጤት ነው። የጉዞው ውጤት የሚገለጠው ዘግይቶ ነው። በመጀመሪያው ቀን አምሮ የታየ ኮራል በሳምንቱ ሊነጣ የሚችለውም ስለዚህ ነው።

የመንጣት ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ ከጨለማው ይልቅ ከጨለማው በኋላ የሚመጣው ብርሃን ነው። በሙቀት ለውጥና በውኃ መበላሸት የተዳከመ ዋቅላሚ ድንገት ብርቱ ብርሃን ሲደርስበት የተቀበለውን ኃይል በሙሉ ሊጠቀምበት አይችልም። ትርፉ ኃይል ሕዋስን የሚጎዱ አፀግብሮተኛ የኦክስጅን ውሕዶችን ያስገኛል። ኮራሉም ጉዳቱ ሲበዛበት ዋቅላሚዎቹን ያስወጣል ወይም ያፈርሳቸዋል። ቡናማው ቀለም ይጠፋል፤ የምግቡ ምንጭም አብሮ ይሄዳል።

ተቃራኒው ሂደት መቡነን ነው። ኮራሉ ከጠራና ፀሐይ ከበዛበት ባሕር ወጥቶ ደብዛዛ ብርሃንና ብዙ ናይትሬት ወዳለው ገንዳ ከገባ፣ ዋቅላሚዎቹ ያለውን ጥቂት ብርሃን ለማጥመድ ክሎሮፊላቸውን ያበዛሉ፤ ቁጥራቸውም ይጨምራል። በሌላ በኩል የብዙዎቹ ቀለማዊ ፕሮቲኖች ዘረመል የሚነቃቃው በተለይ በሰማያዊ ብርሃን በመሆኑ አዲስ ፕሮቲን መሠራቱ ይቀንሳል፤ አሮጌውም ቀስ በቀስ ያልቃል። ውጤቱ ቡናማ ኮራል ነው። ባለቤቱን ባያስደስትም በልቶ የሚያድር እንስሳ ነው።

ውበት የጭንቀት ምልክት ሲሆን

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስተው ሌላ ክስተት አለ። በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ እነ ዮርግ ቪደንማን እና ቼቺሊያ ዳንጄሎ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ አንዳንድ ኮራሎች ሲነጡ ነጭ ከመሆን ይልቅ እጅግ ደማቅ ሮዝ፣ ሐምራዊ ወይም ቢጫ የሚሆኑበትን ምክንያት በአኳሪየም ውስጥ በተደረገ ሙከራ አሳይተዋል። ዋቅላሚው ሲወጣ ብርሃን የሚውጥ ስለሚጠፋ፣ ከነጩ አጽም የሚንጸባረቀው ሰማያዊ ብርሃን በኅብረ ሕዋሱ ውስጥ ይበረታል። ይህ ብርሃን የቀለማዊ ፕሮቲኖችን ዘረመል ይቀሰቅሳል። የተሠሩት ፕሮቲኖችም እንደ ጥላ ሆነው ዋቅላሚዎቹ ተመልሰው እንዲሰፍሩ ያግዛሉ። ዋቅላሚዎቹ ሲመለሱ ብርሃኑን ስለሚውጡ የፕሮቲኑ ምርት ይቀንሳል። ደማቁ መልክ የሚታየው ጫናው መለስተኛ ወይም አጭር ከሆነ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ጫናው ብርቱ ከሆነ ግን ኮራሉ ይህን መከላከያ ለመሥራት አቅም ያጣና ነጭ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ከጉዞ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት «ቀለሙ ተመለሰ» ተብሎ የሚደሰቱበት ኮራል ገና ተዳባዮቹን እየጠበቀ ያለ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ብርሃን መጨመር ጥላውን መግፈፍ ነው።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተገለጹት ሂደቶች የሚከተሉትን ተግባራዊ መመሪያዎች ማውጣት ይቻላል። የታሸገውን ከረጢት በገንዳው ላይ አንሳፍፎ ሙቀቱን ማስተካከል፤ ከተከፈተ በኋላ ኮራሉን ብዙ ሳያዘገዩ ወደ ንጹሕ ውኃ ማዛወር፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብርሃኑን ደብዛዛ አድርጎ በሳምንታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ማሳደግ፤ ዋቅላሚ ላነሰው ኮራል ጥቃቅን ምግብ ማቅረብ።

የነጣ ኮራልን ከሞተ መለየትም ያስፈልጋል። በነጣ ኮራል አጽም ላይ ብርሃን አሳላፊ ኅብረ ሕዋስና ጣት መሰሎቹ አካላት ይታያሉ፤ እንስሳው ሕያው ነው። ኅብረ ሕዋሱ እየተላጠ ባዶ አጽም ከቀረ ግን ያ ክፍል ሞቷል። በፍጥነት የሚስፋፋ ከሆነ ጤነኛውን ቅርንጫፍ ቆርጦ መለየት ቀሪውን ሊያተርፍ ይችላል።

የዚህ ዕውቀት ጥቅም በንግድና በመዝናኛ ብቻ አይወሰንም። እ.ኤ.አ. በ2014 በማያሚ አቅራቢያ የታየ ኅብረ ሕዋስ አጥፊ በሽታ የፍሎሪዳን ሪፍ መጨረስ ሲጀምር፣ ከ2018 ጀምሮ በሽታው ያልደረሰባቸው ኮራሎች ተሰብስበው ከባሕር በራቁ ግዛቶች ወዳሉ አኳሪየሞች ጭምር ተልከዋል። በ2023 በጋ የባሕሩ ውኃ ከልክ በላይ ሲሞቅም በባሕር ውስጥ ማፍያዎች የነበሩ ኮራሎች በጥድፊያ ወደ የብስ ገንዳዎች ተወስደዋል። እነዚህ ስደተኞች የሪፉ የወደፊት ዘር ናቸው።

ማጠቃለያ

በአጠቃላይ የኮራል ቀለም የአጽም፣ የእንስሳና የዋቅላሚ የጋራ ሥራ ነው። የጉዞ ጫና ሦስቱን በተለያየ ፍጥነት ይነካቸዋል፦ ፖሊፕ በደቂቃ ይሰበሰባል፣ ዋቅላሚ በቀናት ይወጣል፣ ፕሮቲን በሳምንታት ይለወጣል። ስለሆነም ኮራልን የሚመረምር ሰው «ምን ዓይነት ቀለም አለው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ይህ ቀለም የማንኛቸው ነው? ከመቼ ጀምሮስ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።