የካምቢዮ ዘይትና የራዲያተር ውሃ ሲቀላቀሉ
ለወረታና ለፎገራ መኪና ባለቤቶች፣ ለገዢዎችና ለደላሎች

በወረታ ከተማ ሁለት ትልልቅ መንገዶች ይገናኛሉ። አንደኛው ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚያልፈው ነው። ሁለተኛው በዓለም በርና በደብረ ታቦር አድርጎ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ወልድያ የሚገባው ነው። የፎገራ ሜዳ ሩዝ፣ ሽንኩርትና ከብት ወደ ገበያ የሚወጣው በእነዚሁ መንገዶች ነው። በዚህ ንግድ ውስጥ መኪና ዕቃ ማመላለሻ ብቻ አይደለም። ለብዙዎች ዋናው ካፒታል እሱ ነው። በመሆኑም መኪናው ጋራዥ ገብቶ ሲቆም ገንዘቡም አብሮ ይቆማል።

በአካባቢው በብዛት የሚታዩት አይሱዙና ሲኖትራክ የመሳሰሉት የጭነት መኪኖች በአብዛኛው ማርሻቸው በእጅ የሚቀየር በመሆኑ ከዚህ በታች ከሚነገረው ችግር አብዛኛው አይነካቸውም። ጉዳዩ የሚመለከተው አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸውን ፒክአፖች፣ ስቴሽን ዋገኖችና አንዳንድ ቀላል የጭነት መኪኖች ነው። እነዚህን መኪኖች መተካት እየከበደ መጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጣ። እንግዲህ ገበያው ላይ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት መኪኖች በዕድሜ እየገፉ ነው። ራዲያተራቸውም እንዲሁ።

ሁለቱ ፈሳሾች የት ይገናኛሉ?

አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ በሥራ ላይ ስለሚግል መቀዝቀዝ አለበት። በብዙ መኪኖች የዘይቱ ማቀዝቀዣ የተቀመጠው በራዲያተሩ ሆድ ውስጥ ነው። ቀጭን የብረት ቱቦ በራዲያተሩ የታችኛው ወይም የጎን ጋን ውስጥ ያልፋል፤ በቱቦው ውስጥ ዘይት፣ በዙሪያው ደግሞ ኩላንት ይዞራል። ሁለቱን የሚለያቸው ያ ስስ ብረት ብቻ ነው። ብረቱ ሲበላ ወይም መጋጠሚያው ሲሰነጠቅ ዘይትና ኩላንት ይቀላቀላሉ።

ነገሩን አሳሳች የሚያደርገው ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው መኪናው ቆሞ ሳለ መሆኑ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ዘይቱ በካምቢዮው ፖምፓ ስለሚገፋ ወደ ኩላንቱ ሊያመልጥ ይችላል። ሞተሩ ሲጠፋ ግን ፖምፓው ይቆማል፣ የዘይቱም ግፊት ይወርዳል። ራዲያተሩ በአንጻሩ ገና ትኩስ ስለሆነ ግፊቱን እንደያዘ ይቆያል። ያን ጊዜ ኩላንቱ በስንጥቁ አልፎ ወደ ካምቢዮው ይገባል። በመሆኑም ማታ በሰላም የገባ መኪና ጠዋት ታሞ ይነሣል።

ይህ ችግር በውጭ አገርም ስም ያወጣ ነው። በአሜሪካ የኒሳን ኩባንያ ከ2005 እስከ 2010 (እ.ኤ.አ.) ስሪት በሆኑ ፓዝፋይንደር፣ ፍሮንቲየርና ኤክስቴራ መኪኖቹ ላይ በዚሁ ምክንያት በባለቤቶች ተከሷል። ኩባንያው የራዲያተሩን ዋስትና ወደ 8 ዓመት አራዝሞ ነበር፤ በኋላም ክሱ በስምምነት ሲያልቅ ሽፋኑ ባለቤቱ ከወጪው የሚጋራበት ሆኖ እስከ 10 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ድረስ እንዲዘልቅ ተደርጓል። ባለቤቶቹ የተበላሸውን ዘይት በመልኩ ምክንያት ከእንጆሪ ወተት ጋር ያመሳስሉት ነበር።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ማርሽ የሚይዙት ሸራ የተለጠፈባቸው የፍሪሲዮን ዲስኮች ናቸው። ሸራውን ከብረቱ ጋር ያያዘው ሙጫ ውሃና ኩላንት ሲነካው ይለቃል። የተላጠው ሸራ በዘይቱ ውስጥ እየዞረ ማጣሪያውንና ጠባብ የዘይት መተላለፊያዎችን ይደፍናል። ብረቱ ይዝጋል፣ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያዎቹ ይበላሻሉ፣ ዘይቱም አረፋ ስለሚሠራ ግፊት መያዝ ያቅተዋል። ለዚህ ደግሞ ብዙ ውሃ አያስፈልግም። የከባድ መኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሠራው የአሜሪካው አሊሰን ኩባንያ የጥገና መመሪያ ኩላንት የገባበት ካምቢዮ ተፈትቶ እንዲጸዳና የፍሪሲዮን ዲስኮቹ እንዲለወጡ ያዛል፤ ዘይት መቀየር ብቻ ይበቃል አይልም።

የፎገራ ሁኔታ ምን ይጨምራል?

አንደኛው ዳገቱ ነው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች። ጭነት ይዞ ይህን ያህል መውጣት የካምቢዮውን ዘይት በጣም ያግላል። ከፍታ ሲጨምር ደግሞ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በወረታ በ94፣ በደብረ ታቦር በ91 ዲግሪ ገደማ። ደኅና የራዲያተር ክዳን ግፊት ይዞ ይህን ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ግን ይህን አያደርግም።

ሁለተኛው ልማድ ነው። ራዲያተር ሲጎድል ከቧንቧ ወይም ከወንዝ ውሃ መሙላት የተለመደ ነው። በኩላንት ውስጥ ያለው ዝገት ተከላካይ በየጊዜው በተጨመረ ውሃ ይቀጥናል፤ ያን ጊዜ የራዲያተሩ ውስጠኛ ብረት መበላት ይጀምራል። ዛሬ በነጻ የተቀዳው ውሃ ከዓመታት በኋላ በካምቢዮ ዋጋ ይከፈላል ማለት ነው።

ሦስተኛው ገለባው ነው። በሩዝ መፈልፈያዎች አካባቢ የሚመላለስ መኪና የራዲያተሩ ክንፎች በገለባና በአቧራ ይደፈናሉ። ክንፎቹ ከተደፈኑ ኩላንቱም ዘይቱም በሚገባ አይቀዘቅዙም።

አራተኛው ጎርፍ ነው። ጉማራና ርብ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ብዙ ቤተሰብ ማፈናቀሉ ይታወሳል። ጎርፍ ውስጥ የገባ መኪና ራዲያተሩ ደኅና ቢሆንም እንኳ በካምቢዮው መተንፈሻ ቀዳዳ በኩል ውሃ ሊስብ ይችላል። ይህኛው አደጋ በእጅ የሚቀየር ማርሽ ያላቸውን መኪኖች ካምቢዮና ዲፈረንሻልም ይነካል። በጎርፍ የተበላሸ ዘይት ወደ ቡናማ ወይም ግራጫ ሲያደላ የራዲያተሩ ውሃ ግን አይጎድልም። የውሃውን መንገድ ለይቶ ማወቅ አላስፈላጊ ራዲያተር ከመግዛት ያድናል።

ምልክቶቹ

የመጀመሪያው ምልክት መሬት ላይ ፍሳሽ ሳይታይ የራዲያተር ውሃ መጉደሉ ነው። ሁለተኛው በራዲያተሩ ክዳን ሥር ወይም በመጠባበቂያው ዕቃ ውስጥ እንደ ወተት የነጣ ሮዝ ቅባት መታየቱ ነው። ሦስተኛው መኪናው መካከለኛ ፍጥነት ላይ ሲደርስ መንቀጥቀጡ፣ ማርሽ ለመያዝ መዘግየቱ ወይም ሞተሩ እየጮኸ ጉልበት ማጣቱ ነው። የሞተሩ ዘይት ራሱ ነጥቶ ከተገኘ ግን ጥርጣሬው ወደ ቴስታታ ይዞራል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጤነኛ የካምቢዮ ዘይት በብርጭቆ ሲታይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ ነው። ውሃ የገባበት ግን ይደፈርሳል፤ ሲያድር ከሥሩ ሊለይም ይችላል። በጋለ ብረት ላይ ጠብ ሲደረግ ከተንጫጫ ውሃ አለበት። ሙከራው ግን ከነዳጅና ከመኪናው ርቆ መደረግ አለበት።

ራዲያተሩን ለመፈተን ከካምቢዮው የሚመጡት ሁለቱ የዘይት ቱቦዎች ይፈታሉ። አንደኛው የማቀዝቀዣው አፍ ይደፈንና በሌላው በኩል ከጎሚስታ ኮምፕረሰር ከ2 ባር ያልበለጠ አየር ይላካል። በራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ ከታየ ቱቦው ተበስቷል። አረፋ አለመታየቱ ግን ሙሉ ዋስትና አይሆንም፤ ሲግል ብቻ የሚከፈት ስንጥቅም አለና።

የመጀመሪያው ሰዓት ውሳኔ

ለምሳሌ ያህል 10 ኩንታል ሩዝ ጭኖ ከወረታ የተነሣ ነጋዴ ዓለም በር ሲደርስ ማርሹ ተንሸራተተበት እንበል። ክዳኑ ሲቀዘቅዝ ከፍቶ ቢያይ ሮዝ ቅባት አገኘ። ደንበኛው ደብረ ታቦር ይጠብቃል። እዚህ ላይ ኪሳራውን የሚወስነው የነጋዴው ውሳኔ ነው። እዚያው ሞተሩን አጥፍቶ ጭነቱን ወደ ሌላ መኪና ቢያዛውር የሚከስረው የማጓጓዣ ዋጋ ነው። ዳገቱን በዚያው ከጨረሰ ግን ካምቢዮውን ሊጨርሰው ይችላል።

መኪናው ሲወሰድም መጫን አለበት። በገመድ መጎተት ግድ ከሆነ ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ መፈታት ወይም የሚነዱት ጎማዎች ከመሬት መነሣት አለባቸው። ሞተሩ ካልሠራ የካምቢዮው ፖምፓ ዘይት አይገፋም፤ ጎማው ካምቢዮውን ቢያዞረው ያለ ዘይት ይፋጫል።

የጥገናው ሂሳብ

ሥራው የሚጀመረው ከራዲያተሩ ነው። የፈሳሹ መንገድ ሳይዘጋ ዘይት መቀየር ገንዘብ ማፍሰስ ነው። የተበላ የውስጥ ቱቦ በብየዳ አይታመንም፤ ራዲያተሩ ይለወጣል። ሌላው አማራጭ የውስጡን ማቀዝቀዣ ትቶ ከራዲያተሩ ፊት በነፋስ የሚቀዘቅዝ የተለየ የዘይት ማቀዝቀዣ መግጠም ነው። ያን ጊዜ ሁለቱ ፈሳሾች ዳግመኛ የሚገናኙበት ቦታ አይኖርም። ዘይት የነካቸው የራዲያተር ጎማ ቱቦዎች ስለሚያብጡና ስለሚለሰልሱ አብረው ይታያሉ።

ቀጥሎ ካምቢዮው ነው። ችግሩ ወዲያው ተደርሶበት መኪናው ካልተነዳ ማጠብ ሊያድነው ይችላል። ነገር ግን ኮፓውን ከፍቶ አንድ ጊዜ ማፍሰስ አይበቃም፤ ብዙው ዘይት በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። ካምቢዮው 10 ሊትር የሚይዝ ሆኖ በአንድ ጊዜ 4 ሊትር ቢፈስስ፣ በመጀመሪያው ለውጥ ከአሮጌው 60 በመቶ ይቀራል። በሁለተኛው 36፣ በሦስተኛው 22፣ በአራተኛው 13፣ በአምስተኛው 8 በመቶ ይሆናል። አምስቱ ለውጦች 20 ሊትር ዘይት ይበላሉ። በማቀዝቀዣው ቱቦ በኩል አዲሱን እያስገቡ አሮጌውን ማስወጣት የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው። ማጣሪያው ይለወጣል፤ ዘይቱም የመኪናው ሠሪ ያዘዘው ዓይነት መሆን አለበት። ከ100 እና ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ዘይቱ እንደገና በብርጭቆ ይታያል።

መኪናው ለቀናት ተነድቶ ከሆነ ግን ተፈትቶ ዲስኮቹና ላስቲኮቹ ይለወጣሉ፤ ቶርክ ኮንቨርተሩም ይለወጣል ወይም ይታደሳል። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ካምቢዮ የሚያስመጣ ሰውም ያንኑ አሮጌ ራዲያተር መልሶ ቢገጥም ሁለተኛውን ካምቢዮ በዚያው መንገድ ይገድለዋል።

ለገዢና ለደላላ

አውቶማቲክ መኪና የሚገዛ ሰው ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ መድረስ አለበት። ሊብሬና ቦሎ ከማገላበጥ አስቀድሞ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ በነጭ ጨርቅ ይጥረግ። ራዲያተሩ ትኩስ ከሆነ ግን ክዳኑ አይነካም። ከዚያ የካምቢዮውን ዘይት ይመልከት፤ መለኪያ ዘንግ ከሌለው በመካኒክ ያስቀዳ። በአሮጌ መኪና ላይ አዲስ ራዲያተር ካየ ለምን እንደተለወጠ ይጠይቅ። ለጥንቃቄ የተለወጠ ከሆነ መልካም ነው፤ ከተቀላቀለ በኋላ ከሆነ ግን ካምቢዮው ምን እንደተደረገለት በደረሰኝ ይታይ። በመጨረሻ መኪናውን ዳገት ላይ ይንዳው። በወረታ ሜዳ ላይ የማይሰማ ሕመም ወደ ዓለም በር ሲወጣ ይሰማል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ያደርገዋል። ገዢውም ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት የራዲያተሩና የካምቢዮው ሁኔታ በውሉ ላይ በአንድ መስመር ቢሰፍር ለሁለቱም ወገን ይበጃል። ደላላውም ኮሚሽኑን የሚቀበለው ከአንድ ሽያጭ ነው፤ ስሙ ግን በሚቀጥለው ሽያጭም ያስፈልገዋል።

መኪናው በእጅ ላለ ሰው ደግሞ መከላከያው ከጥገናው እጅግ ይረክሳል። ኩላንት በሠሪው መመሪያ መሠረት በጊዜው መቀየር፣ መሙያው ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል የተደባለቀ ኩላንት እንዲሆን ማድረግ፣ ያለቀ ክዳን መለወጥ፣ ገለባውን ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ በአየር ማስነፋት ይበቃል። ያረጀ ራዲያተርም ሳይበሳ በፊት ቢለወጥ ብክነት አይደለም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደሚባለው፣ በራዲያተር ዋጋ ሊዘጋ የሚችል ቀዳዳ በካምቢዮ ዋጋ እስኪዘጋ መጠበቅ ከነጋዴ አይጠበቅም።