የአየር ጠባይና የዱባ ቤተሰብ ቫይረሳዊ በሽታዎች፦ ከዝናብና ከሙቀት እስከ ቅጠል ምልክት ያለው የጊዜ ክፍተት

አጠቃሎ

የዱባ፣ የዝኩኒ፣ የሜሎንና የሐብሐብ ሰብሎችን የሚያጠቁ ቫይረሶች ከአየር ጠባይ ጋር ያላቸው ግንኙነት ብዙ ጊዜ የሚጠናው በሽታው በታየበት ሳምንት የተመዘገበውን ሙቀትና ዝናብ ከበሽታው መጠን ጋር በማዛመድ ነው። ይህ ጽሑፍ የዚህን አሠራር ድክመት ይመረምራል። የአየር ጠባይ ቫይረሱን በቀጥታ ሳይሆን አራት ተከታታይ ደረጃዎችን በማለፍ እንደሚነካ፣ እያንዳንዱ ደረጃም የራሱ የጊዜ ርዝመት እንዳለው ያሳያል። ለማስረጃነት በካሊፎርኒያ ኢምፔሪያል ሸለቆ የታየው የሜሎን መቢጨት በሽታ ቀርቧል። በመጨረሻም በኢትዮጵያ የመስኖ አካባቢዎች ለሚካሄዱ ጥናቶች የሚሆን የአነዳደፍ ሐሳብ ይሰነዘራል።

ቁልፍ ቃላት፦ የዱባ ቤተሰብ፣ ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ፣ የአየር ጠባይ፣ ስውር ጊዜ

መግቢያ

በሰብል ጥበቃ ጽሑፎች ውስጥ «ሙቀት ሲጨምር የቫይረስ በሽታ ይጨምራል» የሚል አጠቃላይ አነጋገር በተደጋጋሚ ይገኛል። አነጋገሩ በአንዳንድ ሁኔታዎች እውነት ነው፤ በሌሎች ደግሞ ተቃራኒው ይታያል። ችግሩ የሚመነጨው ቫይረስን እንደ ፈንገስ ከመመልከት ነው። የፈንገስ ዘር በቅጠል ላይ ካረፈ በኋላ የሚጠብቀው የተወሰነ እርጥበትና ሙቀት ነው፤ ሁኔታው ሲሟላለት ራሱ በቅሎ ወደ ቅጠሉ ይገባል። በዚህም የተነሣ የቅጠሉን እርጥበት በመለካት በሽታውን ቀድሞ መተንበይ በብዙ ሰብሎች ተችሏል። ቫይረስ ግን በራሱ ወደ ጤናማ ተክል አይገባም። አንድ ነፍሳት ሊሸከመው፣ ወይም በዘር፣ በእጅና በመሣሪያ ንክኪ ሊተላለፍ ይገባዋል። ስለዚህ የአየር ጠባይ በቫይረሳዊ በሽታ ላይ ያለው ኃይል በአብዛኛው በአማላጅ የሚሠራ ነው።

ይህ ልዩነት የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ገበሬው ቅጠል ቢጫ መሆኑን አይቶ ፀረ ተባይ በሚረጭበት ሳምንት፣ ማስተላለፉ ከተፈጸመ ብዙ ቀናት አልፈው ሊሆን ይችላል። ተመራማሪውም በዚያው ሳምንት የተመዘገበውን የአየር ጠባይ መንሥኤ አድርጎ ከያዘ፣ የሚሰጠው ምክር ወጪ የሚያስወጣና ጥቅም የሌለው ይሆናል።

ሁለት ተሸካሚዎች፣ ሁለት የማስተላለፍ ስልቶች

በዱባ ቤተሰብ ላይ በስፋት የሚታወቁት የሞዛይክ በሽታዎች የሚተላለፉት በክሽክሽ ነው። ከእነዚህ መካከል በ1916 እ.ኤ.አ. የተገለጸው የኪያር ሞዛይክ ቫይረስ፣ የሐብሐብ ሞዛይክ ቫይረስ፣ እንዲሁም በጣሊያን ተገኝቶ በ1981 እ.ኤ.አ. የተገለጸው የዝኩኒ ቢጫ ሞዛይክ ቫይረስ ይጠቀሳሉ። ክሽክሹ የታመመ ቅጠልን በአፉ ጫፍ ቀምሶ ቫይረሱን በሰከንዶች ውስጥ ይወስዳል፤ በቀጣዩ ተክል ላይም በዚያው ፍጥነት ያስተላልፋል። ቫይረሱ በአፉ ላይ የሚቆየው ግን ለአጭር ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሰዓታት ላልበለጠ ነው። በዱባ ላይ የማይራባና ምግብ ፍለጋ ሲያልፍ ብቻ የሚያርፍ የክሽክሽ ዝርያ ጭምር በሽታውን ሊያዛምት ይችላል። ፀረ ተባይ ክሽክሹን ከመግደሉ በፊት ማስተላለፉ ስለሚጠናቀቅ፣ መርጨት ይህን ዓይነቱን ስርጭት እምብዛም አይገታም።

ነጭ ዝንብ የሚያስተላልፋቸው ቫይረሶች በሌላ ስልት ይሠራሉ። የመን ውስጥ ተገኝቶ በሱዳንም የተመዘገበው የሐብሐብ መገርጣትና መቀንጨር ቫይረስ አንዴ ወደ ዝንቡ አካል ከገባ ለረጅም ጊዜ አብሮት ይቆያል። በ1982 እ.ኤ.አ. በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የታወቀው የዱባ ቤተሰብ የመቢጨትና የመቀንጨር ቫይረስ ደግሞ በዝንቡ ውስጥ እስከ 9 ቀናት ሊቆይ ይችላል። በእነዚህ በሽታዎች ወሳኙ ነገር የአንድ ቀን በረራ ሳይሆን የዝንቡ ብዛትና በሰብሉ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ አንድ ዓይነት የአየር ጠባይ በሁለቱ ቡድኖች ላይ አንድ ዓይነት ውጤት አያስከትልም። መካከለኛ ሙቀት ያለው፣ ነፋሱ የረጋ ጥቂት ቀን የሞዛይክ በሽታን በአንድ ማሳ ለማዳረስ ሊበቃ ይችላል። ለመቢጨት በሽታ ግን ነጭ ዝንቡ ትውልድ ተክቶ እንዲበዛ ሳምንታት የፈጀ ሙቀት ያስፈልጋል።

አራቱ ደረጃዎች

የመጀመሪያው ደረጃ የቫይረሱ መቆያ ነው። ሰብል በሌለበት ወቅት ቫይረሱ በአረም፣ ከመከር በኋላ በበቀለ ተክል ወይም በአጎራባች ሰብል ላይ ይቆያል። የእነዚህን ተክሎች ብዛት የሚወስነው ከዘር ወቅት በፊት የጣለው ዝናብ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ የኪያር ሞዛይክ ቫይረስ በጠባብ ቅጠል ግብጦ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት የተሠራው የትንበያ ስልት በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ከዘር በፊት ዝናብ በጣለበት ዓመት አረሙ ቀድሞ ይለመልማል፣ ክሽክሹም በላዩ ላይ ቀድሞ ይራባል፣ ሰብሉም ገና ለጋ ሳለ ይደረስበታል። እዚህ ላይ የአየር ጠባይ ተጽዕኖ የሚለካው በወራት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ የተሸካሚው መራባት ነው። በጥጥ ተክል ላይ በተካሄደ የታወቀ ጥናት ነጭ ዝንብ ከእንቁላል እስከ ጉልምስና ለመድረስ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ 65 ቀናት ሲፈጅበት፣ በ30 ዲግሪ 17 ቀናት ገደማ ብቻ ፈጅቶበታል። በዚህ ስሌት በ90 ቀናት ውስጥ በቀዝቃዛው ሁኔታ ከአንድ ትውልድ ብዙም የማይበልጥ፣ በሞቃቱ ግን አምስት ትውልድ ይገኛል። ክሽክሽ ይበልጥ የሚስማማው መካከለኛ ሙቀት ነው፤ የጥጥ ክሽክሽ በ25 ዲግሪ አካባቢ በአንድ ሳምንት ገደማ ትውልድ ይተካል፣ ከ35 ዲግሪ በላይ ግን ይዳከማል። በሁለቱም ነፍሳት ላይ ኃይለኛ ዝናብ ብዛታቸውን ይቀንሳል። ነገር ግን ዛሬ ተባዩን ያጠበው ዝናብ በሚቀጥለው ወር የሚጠለልበትን አረም የሚያሳድገውም እርሱው ነው። ዝናብን በአንድ ቁጥር ብቻ ወደ ስሌት የሚያስገባ ጥናት እነዚህን ሁለት ተቃራኒ ውጤቶች ይቀላቅላል።

ሦስተኛው ደረጃ በረራ ነው፤ እርሱም የሚለካው በሰዓታትና በቀናት ነው። ክንፍ ያለው ክሽክሽ በብርድ፣ በግምት ከ15 ዲግሪ በታች፣ ለበረራ አይነሣም፤ ጠንካራ ነፋስም ከቅጠል እንዳይነሣ ይገታዋል። አንዴ አየር ላይ ከወጣ ግን ያው ነፋስ ሩቅ ሊወስደው ይችላል። ለዚህ ደረጃ የወር አማካይ ሙቀት ምንም አይገልጽም፤ የሚያስፈልገው የቀኑ የሰዓት መዝገብ ነው።

አራተኛው ደረጃ በተክሉ ውስጥ የሚያልፈው ስውር ጊዜ፣ ማለትም ከመለከፍ እስከ ምልክት ያለው ቆይታ ነው። በሞቃት ሁኔታ የዝኩኒ ቢጫ ሞዛይክ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ሲታይ፣ የሜሎን መቢጨት በሽታ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ሙቀት የተክሉን መከላከያም ይነካል። ተክሎች የቫይረስ አር ኤን ኤን ቆራርጠው የሚያጠፉበት ሥርዓት በ15 ዲግሪ አካባቢ እንደሚዳከምና ሙቀቱ ሲጨምር እንደሚጠነክር ታውቋል። በሌላ በኩል የትምባሆ ተክል የሞዛይክ ቫይረስን የሚቋቋምበት የታወቀው ዘረ መል ከ28 ዲግሪ በላይ ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ «ሙቀት ተክሉን ያዳክማል» ወይም «ያበረታል» የሚል አንድ ወጥ ደንብ የለም።

የኢምፔሪያል ሸለቆ ምሳሌ

በካሊፎርኒያ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው ኢምፔሪያል ሸለቆ ዓመታዊ ዝናቡ ከ100 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ፣ በበጋው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ፣ ሙሉ በሙሉ በመስኖ የሚታረስ በረሃ ነው። ሜሎን በዓመት ሁለት ጊዜ ይመረታል። የመጀመሪያው በዓመቱ መባቻ በብርዱ ወራት ተዘርቶ በሜይና በጁን የሚሰበሰብ ሲሆን፣ ሁለተኛው በጁላይና በኦገስት ተዘርቶ ከብርዱ በፊት የሚሰበሰብ ነው።

በ2006 እ.ኤ.አ. የመቢጨትና የመቀንጨር ቫይረሱ በዚህ ሸለቆ፣ በአጎራባቹ የአሪዞና ዩማ አካባቢና በሜክሲኮ ሶኖራ ተገኘ። ሁለተኛው የሜሎን ምርት በሰፊው ተጠቃ፤ በማሳዎቹ ውስጥ ያልተያዘ ተክል ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ፍሬው በውጭ መልኩ ደኅና ቢመስልም የስኳር መጠኑ ይቀንሳል፤ ሜሎን ደግሞ ዋጋ የሚያወጣው በጣፋጭነቱ ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት ቫይረሱ ከአካባቢው አልጠፋም፤ በአረምና እንደ ሰላጣና አልፋልፋ ባሉ ሰብሎች ላይ ሊቆይ እንደሚችል ታውቋል። ሆኖም የመጀመሪያው ምርት በአንጻሩ ቀላል ጉዳት ደረሰበት።

ቫይረሱ፣ አፈሩ፣ መስኖውና ሰብሉ አንድ ሆነው ሳለ ልዩነቱን ያመጣው ምንድን ነው? መልሱ በሁለተኛው ደረጃ ይገኛል። በብርዱ ወራት የነጭ ዝንብ ቁጥር ይመነምናል፤ እንደገና እስኪበዛ ድረስ ሜሎኑ ፍሬ ይዞ ወደ መከር ይቃረባል። በኦገስት የሚበቅለው ችግኝ ግን ለወራት በሙቀት ሲራባ የቆየ የዝንብ ብዛት ይጠብቀዋል፤ ገና በሁለት ቅጠሉ ይለከፋል። ችግኙን የጎዳው የበቀለበት ሳምንት ሙቀት ሳይሆን ከዚያ በፊት ያለፉት ሁለትና ሦስት ወራት ድምር ሙቀት ነው።

የአየር ጠባይ የማይገልጸው ለውጥ

የዚሁ ሸለቆ የቀድሞ ታሪክ ሌላ ጥንቃቄ ያስተምራል። በ1981 እ.ኤ.አ. በነጭ ዝንብ የሚተላለፈው የሰላጣ ተላላፊ ቢጫነት ቫይረስ ሰላጣንና የዱባ ቤተሰብ ሰብሎችን ክፉኛ ጎድቶ ነበር። በ1990 እ.ኤ.አ. አካባቢ ግን ሌላ ዓይነት ነጭ ዝንብ ወደ አካባቢው ገብቶ የቀድሞውን ተካ። አዲሱ ዝንብ በብዛቱ የባሰ ቢሆንም ይህን ቫይረስ በማስተላለፍ ረገድ እጅግ ደካማ ስለነበር በሽታው እየጠፋ ሄደ። የእነዚያን ዓመታት የሙቀት መዝገብ ከበሽታው መጠን ጋር ብቻ ያዛመደ ሰው፣ በነፍሳቱ መተካካት የመጣውን ለውጥ ለአየር ጠባይ ሊሰጥ ይችል ነበር። ስለሆነም የተሸካሚው ማንነትና የቫይረሱ ዓይነት በላቦራቶሪ ሳይረጋገጥ የሚደረግ የረጅም ዘመን ተዛምዶ አሳሳች ነው።

ለኢትዮጵያ የመስኖ አካባቢዎች የሚኖረው ትርጉም

በስምጥ ሸለቆና በአዋሽ ተፋሰስ አትክልት በመስኖ በበጋ ይመረታል፤ ነጭ ዝንብም በቲማቲም ላይ የታወቀ ተባይ ነው። የክረምቱ ዝናብ ሲያበቃ አረሙ ለምልሞ ይቆያል፤ የመስኖ ሰብሎችም እርስ በርስ ይተካካሉ። የአራቱን ደረጃዎች አቆጣጠር በምሳሌያዊ ስሌት ማሳየት ይቻላል። በሐብሐብ ማሳ የመቢጨት ምልክት የታየው ኅዳር 20 ቢሆንና ስውር ጊዜው ሦስት ሳምንት ቢሆን፣ ተክሉ የተለከፈው ጥቅምት 29 ገደማ ነው። ነጭ ዝንቡ ለመብዛት እያንዳንዳቸው 20 ቀን የሚፈጁ ሁለት ትውልዶች ካስፈለጉት፣ መራባቱ የጀመረው መስከረም 19 ገደማ ነው። የተራባበትን አረም ያበቀለው ደግሞ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው። በኅዳር ወር የተመዘገበ የአየር ጠባይ ብቻውን ከዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንዱንም አያስረዳም።

ከዚህ በመነሣት የመስክ ጥናት ሲነደፍ ቢያንስ አራት ነገሮች ሊሟሉ ይገባል። አንደኛ፣ የተሸካሚዎች ቆጠራ በቢጫ ማጣበቂያ ወጥመድ ከዘር በፊት ጀምሮ በየሳምንቱ መካሄድ አለበት። ሁለተኛ፣ በማሳው ዙሪያ ያሉ አረሞችና ሰብሎች ለቫይረስ መመርመር አለባቸው። ሦስተኛ፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚዘሩ መደቦች ቢኖሩ የሰብሉ ዕድሜና የወቅቱ ውጤት ተለይተው ይታያሉ። አራተኛ፣ ሙቀትና እርጥበት በሰብሉ ቅጠሎች መካከል መለካት አለባቸው። በመስኖ የሚለማ ቅጠል ውኃ በማትነን ራሱን ስለሚያቀዘቅዝ፣ በቅጠሉ ሥር ያለው ነጭ ዝንብ የሚኖርበት ሙቀት የአየር ጠባይ ጣቢያው ከሚመዘግበው ሊለይ ይችላል።

ማጠቃለያ

በዱባ ቤተሰብ ቫይረሳዊ በሽታዎች ጥናት «የትኛው የአየር ጠባይ በሽታውን ያባብሳል?» የሚለው ጥያቄ «የትኛውን ቫይረስ፣ በየትኛው ተሸካሚ፣ በየትኛው ደረጃ፣ ከስንት ቀን በፊት?» ተብሎ መዘርዘር ይኖርበታል። መልሱ ለገበሬው የሚጠቅመው ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ሲደርሰው ነው። የዘር ቀን መምረጥ፣ ከዘር በፊት አረምን ማጥፋት፣ ችግኝን በስስ ጨርቅ መሸፈንና ክሽክሽን የሚያባርር ብርሃን አንጸባራቂ ላስቲክ በመደቡ ላይ ማንጠፍ ሁሉም የሚሠሩት ቀድመው ሲፈጸሙ ነው። የአየር ጠባይ መዝገብም ዋጋ የሚኖረው ለእነዚህ ውሳኔዎች የሚሆን ጊዜ ሲያስገኝ ነው።