የቤት ሥራ የማን ነው?

የዛሬው ትምህርታችን አባትና እናት ጊዜያቸውን ለገቢ ማግኛ፣ ለቤት ሥራና ለልጆች እንዴት እንደሚያካፍሉ ይመለከታል።

በፋርጣና በጉና ዙሪያ እንደምናየው፣ ወር በገባ በ12 ቅዱስ ሚካኤል፣ በ21 እመቤታችን፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ሲከበር ገበሬው በሬዎቹን ያሳርፋል፤ ሞፈርና ቀንበርም ይቀመጣል። ምድጃው ግን በዓል የለውም። በዚያም ቀን ወጥ ይሠራል፤ ሕፃን ይታዘላል። በደብረ ታቦር ከተማም በመሥሪያ ቤት ወይም በገበያ የዋለች እናት ማታ ቤቷ ስትገባ ሌላው ሥራዋ ገና ይጀምራል። እኛም ለጉባኤ የምንሰበሰብበትን ሰዓት ያገኘነው፣ ማጀት የቀረ ሰው ስላለ ነው።

ይህ ልማድ ብቻ ሳይሆን ሕግም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ነበር። በቁጥር 646 ደግሞ ባል ሠራተኛ ለመቅጠር ካልቻለ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ያስገድድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት ቤተሰቡን በመምራት እኩል መብት እንዳላቸው፣ ልጆቻቸውንም ተባብረው እንዲያሳድጉ ደነገገ። ይሁን እንጂ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላድ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሲሰጥ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው።

ሥራን በሌላ መንገድ የሚከፋፈሉ ሰዎች ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻንም። በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ፣ በ1964 ዓ.ም. በአቶ ዙምራ ኑሩ የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ሥራን የሚደለድለው በጾታ ሳይሆን በችሎታ ነው። ሴቷ ታርሳለች፣ ትሸምናለች፤ ወንዱም ይፈትላል፣ እንጀራ ይጋግራል። በእምነት ከእኛ ቢለዩም በዚህ ነገር ሊያስተምሩን ይችላሉ።

እንግዲህ አንድ ቁም ነገር እንያዝ። «እናቴን አግዛታለሁ» ስንል ሥራው የእርሷ ነው ማለታችን ነው። ድርሻ ግን ሳይጠሩን የምንሠራው፣ ብንተወው የምንጠየቅበት ነው። ዛሬ ሊጥ ማቡካትና ሕፃን ማጠብ የለመደ ወንድ ልጅ ነገ አባት ሲሆን ሥራው አያስቸግረውም፤ ልጆቹም ያውቁታል።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. በቤታችን ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው፣ ከሁሉ በኋላስ የሚተኛው ማን ነው?
2. ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ሳንታዘዝ የምንይዘው ሥራ የትኛው ነው?
3. እናቶቻችን ለጉባኤ የሚመጡበትን ሰዓት እንዴት እናስገኝላቸው?