በማስመሪያ የተሰመረ ድንበር

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ድንበር ነው።

ድንበር ሲባል ብዙዎቻችን ወንዝ ወይም ተራራ ይመስለናል። በአፋር ምድር ግን በማስመሪያ የተሰመረ ድንበር አለ። እንዴት መጣ?

ጣሊያን ኤርትራን ቅኝ ግዛት ካደረገች በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም. ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጋር ውል ተዋዋለች። በአፋር በኩል ድንበሩ ከባሕሩ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ለባሕሩ ትይዩ ሆኖ እስከ ፈረንሳይ ግዛት ማለትም እስከ ዛሬዋ ጅቡቲ እንዲሄድ ተስማሙ። ትይዩ መስመርን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተምረነዋል አይደል? እስቲ 1 ሳንቲ ሜትሩ 10 ኪሎ ሜትር የሆነ ካርታ ውሰዱና ከባሕሩ 6 ሳንቲ ሜትር ለኩ። ድንበሩ ያ ነው!

መስመሩ ግን የውኃ ጉድጓድ አያውቅም፣ የግጦሽ ቦታም አያውቅም። አርብቶ አደሩ ደግሞ ግመሉን የሚነዳው ሣርና ውኃ ወዳለበት ነው። ስለዚህ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ዘመዳሞች በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በጅቡቲ ተከፋፈሉ።

በአገር ውስጥም አፋሮች በአንድ አስተዳደር ሥር አልነበሩም። በንጉሡ ዘመን በወሎ፣ በትግራይ፣ በሸዋ፣ በሐረርጌና በኤርትራ ጠቅላይ ግዛቶች ተከፋፍለው ነበር። ለምሳሌ የአውሳ አውራጃ የወሎ ነበር። በኋላ በደርግ ጊዜ፣ በ1980 ዓ.ም. የአሰብ ራስ ገዝ ተቋቋመ። የአፋር ክልል በሕገ መንግሥት የታወቀው በ1987 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ሰመራ በአውሲ ረሱ፣ አዋሽ ደግሞ በገቢ ረሱ ዞን ይገኛሉ።

የድሮው ውል ግን ተረስቶ አልቀረም። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ጦርነት በኋላ፣ በ1994 ዓ.ም. የድንበር ኮሚሽኑ የምሥራቁን ድንበር የወሰነው ያንኑ የ1900 ዓ.ም. ውል መሠረት አድርጎ ነው። አያችሁ፣ አንድ ቀን የተጻፈ ወረቀት ከ94 ዓመት በኋላም ይሠራል። ስለዚህ ድንበር ሲሰመር በቦታው የሚኖረውን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ውኃው የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነውና።

ጥያቄዎች፦
1. ውሉ ድንበሩን ከባሕሩ ስንት ኪሎ ሜትር አራቀው?
2. የአውሳ አውራጃ የየትኛው ጠቅላይ ግዛት ነበር?
3. የሰፈራችሁ አባቶች የወረዳችሁን ወሰን በምን ይለዩታል? ጠይቃችሁ ጻፉልን።