የጠዋቱ ኪኒን ለምን ሌሊት ይጮሃል?

የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ የጀመሩ ጎልማሶች ዛሬ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ አንዳንዶቹ ላይ ስኳርና ደም ግፊት ተጨምሯል። ታዲያ ይህ ሁሉ ኪኒን በቃል ይያዛል?

እኔ አጣዬ ውስጥ አንዲት ጎረቤት እናት እረዳለሁ፤ ስኳርና ግፊት አለባቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ባለ ቁልፍ ሞባይል ግን አላቸው። አላርሙን ስሞላላቸው መጀመሪያ የማየው ስልኩ አሁን ስንት ሰዓት እንደሚል ነው። በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ፣ ሐኪሙ «ጠዋት ሁለት ሰዓት» ያለው 08:00 ነው፣ የማታው ሁለት ደግሞ 20:00። ዝም ብላችሁ 2:00 ብትሞሉት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቤቱን ይቀሰቅሳል! ለጠዋቱ የዶሮ ጩኸት፣ ለማታው ደወል አደረግሁላቸው፤ «እማማ፣ ዶሮው ሲጮህ የጠዋቱን» ብዬ ነው ያስለመድኳቸው።

አላርም ግን ሰዓት እንጂ መድኃኒት አያውቅም። ዛሬ በብዛት የሚሰጠው የፀረ ኤችአይቪ ኪኒን ዶሉቴግራቪር አለበት። ይህን የሚወስድ ሰው የጨጓራ ማስታገሻ (አሉሚኒየም ወይም ማግኒዥየም ያለበትን) የሚጠቀም ከሆነ፣ ዶሉቴግራቪሩን ከማስታገሻው 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ መዋጥ አለበት። አለዚያ መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም አይገባም። የስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚን ደግሞ ከዶሉቴግራቪር ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ መጠኑ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ሁሉንም ማወቅ አለበት። መጠን መቀነስም መጨመርም የእኛ ሥራ አይደለም።

የሁሉንም መድኃኒት ማሸጊያ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ባለ ካሜራ ስልክ ላይ ፎቶ አንሱት። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ስንቱ ሰው ቤቱን ጥሎ ደብረ ብርሃን ገባ! እንዲህ ባለ ጊዜ ካርድም ኪኒንም ቤት ሊቀር ይችላል፤ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ግን ለአዲሱ ሐኪም የመድኃኒቱን ስምና መጠን ያሳያል።

ምሥጢርስ? በኬንያ በ2007 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ጥናት ጥሩ ዘዴ አሳይቷል። የጤና ባለሙያ በየሳምንቱ «ማምቦ?» (እንዴት ነህ?) የሚል ኤስኤምኤስ ይልካል፤ ታካሚው «ሳዋ» (ደህና) ወይም «ሺዳ» (ችግር አለ) ብሎ ይመልሳል። ስለ በሽታ አንዲት ቃል የለም። በ538 ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ መልእክት ከደረሳቸው 57 በመቶው ቫይረሱ ተገትቶላቸው ተገኘ፤ ካልደረሳቸው ግን 48 በመቶው ብቻ። እናንተም አላርሙ ላይ የበሽታ ስም አትጻፉ፤ «ቡና» ብትሉት ይበቃል። ያያችሁትን የኪኒን ስም ደግሞ ለጓደኛ አታውሩ።

«ሺዳ» የሚል ካለ፣ መድኃኒቱን ለሚሰጠው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ደውሉለት። መብራት በሚጠፋበት ሰሞን ስልኩ ቀድሞ ቻርጅ ይደረግ፤ ባትሪ ከሌለ ዶሮውም አይጮህ።