የጋለ ምጣድ

እማማ ካዛንቺስ ተወልደው፣ ካዛንቺስ አርጅተው፣ ሰፈሩ በ2017 ሲፈርስ ገላን ጉራ የገቡ ናቸው። ጠያቂያቸው የድሮ ጎረቤታቸው ልጅ ነው፤ ትዳር ይዞ ቂርቆስ አንድ ክፍል ተከራይቷል።

ወጣቱ፦ እማማ፣ ደመወዜ ወር አልደርስ አለኝ። እርስዎ በአንድ ደመወዝ አምስት ልጅ እንዴት አሳደጉ?

እማማ፦ መጀመሪያ አንተ የምትቆጥበውን ንገረኝ።

ወጣቱ፦ መብራት በጊዜ አጠፋለሁ፤ በስልኬ ብርሃን ነው የምናመሸው። የሳሙናዋን ስባሪ ከአዲሱ ጋር አጣብቃለሁ። ሻይ ቅጠል ሁለቴ አፈላለሁ።

እማማ፦ ሻይ ቅጠሉስ ምን አዲስ ነገር አለው? አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስንል የኖርነው በአንድ ቡና ነው። እንጀራስ?

ወጣቱ፦ ባለቤቴ በሁለት ቀን አንዴ አምስት አምስት ትጋግራለች። ሁለት ሰዎች ነን፤ ትኩሱን እንወዳለን።

እማማ፦ በል ተቀመጥ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,600 ዋት ይስባል። አምፖልህ የአሁኑ ዓይነት ባለ 9 ዋት ከሆነ፣ ምጣዱ በአንድ ሰዓት የሚበላው አምፖሉን 400 ሰዓት ያበራዋል። ሸክላው እስኪግል ሩብ ሰዓት አይፈጅም? ያ ሩብ ሰዓት የ100 ሰዓት መብራት ነው። ስምንት ሌሊት ጨለማ ውስጥ ተቀምጠህ ያተረፍከው፣ የመጀመሪያው እንጀራ ሳይሰፋ አለቀ። ሚስትህን አትቆጣ፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ሸክላ ለአምስት እንጀራም ለሠላሳም እኩል ነው የሚግለው።

እኛ ግቢ ስድስት አባወራ ነበርን። ረቡዕና ቅዳሜ ምጣድ ይጣዳል። አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ሊጧን ይዛ ደርሳለች፤ ሸክላው ፋታ አያገኝም። የመጨረሻዋ ሴት ሁለት ሲቀራት ማብሪያውን ታጠፋለች፣ ሁለቱ በያዘው ግለት ይወጣሉ። ከዚያ ገብስ ይታመስበታል፤ ከዚያ የሰነበተው እንጀራ ተቆራርሶ ይሰጣበታል፣ ድርቆሽ ይሆናል። ማሰሻው የጋራ፣ እርሾ ያለቀባት ከጎረቤት ትቀዳለች። ከሰልም እንዲሁ ነው፤ ለቡና የተያያዘ ከሰል ሽሮ ሳያንተከትክ አይዳፈንም፣ ከተዳፈነም በኋላ አመዱ ውስጥ ድንች ይገባል። ያሁኑ ሰው ሳንቲም ይቆጥራል። ግለት የሚቆጥር አላየሁም።

ወጣቱ፦ ያኔ ግን ኑሮው ርካሽ ነበር ይባላል።

እማማ፦ ማን አለህ? ካዛንቺስ የሚለው ስም ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራው ቤት የመጣ ነው፤ ከዚያ ንጉሡ፣ ከዚያ በሐምሌ 1967 የትርፍ ቤት አዋጅ ታወጀና ቤታችን የቀበሌ ሆነ፣ ኪራዩ ወረደ፣ ከዚያ የስኳርና የሳሙና ሰልፍ፣ ከዚያ ኢሕአዴግ። እሱን ተወው። የቆጣሪውን ነገር ልንገርህ።

ቆጣሪው ለስድስታችን አንድ ነው። ሂሳብ ይመጣል፣ ለስድስት ይካፈላል። አንዱ ቤት ለቀቀና አንዲት ልብስ ሰፊ ገባች፤ ካውያ ይዛ። በወሩ ሂሳቡ አሻቀበ። ካውያዋ ነው አልኩ፤ ሌላ ምን ይሆናል? ሌሊት ጋቢ ደርቤ እወጣና ቆጣሪው ሥር እቆማለሁ። ያኔ መስታወቱ ውስጥ የሚዞር ሳህን ነበረው፤ ቶሎ ከዞረ መስኮቷን አያለሁ። መስኮቷ ጨለማ ነው፣ ሳህኑ ይዞራል! ብርድ ልብስ ሸፍና ነው የምትተኩሰው አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንድ ቀን ፊውዙንም ነቅያለሁ፤ የሰው የሙሽራ ልብስ ይዛ ነበር አሉ። ሁለት ዓመት ሰላምታ አልነበረንም። በእድር ድንኳን ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ነበር የምንቀመጠው። ልጄ ሱሪው ሲተረተር እንኳ ለእሷ ከምሰጥ ብዬ ኡራኤል ድረስ...

ወጣቱ፦ እማማ፣ ይቅርታ። ያኔ በታሪፉ አስበውት ያውቃሉ?

እማማ፦ በምኑ?

ወጣቱ፦ እስከ 2011 የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ዋት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው 27 ሳንቲም ነበሩ፤ ፍጆታው ሲጨምር ዋጋው በየደረጃው እየወጣ 69 ሳንቲም ይደርሳል። ስድስታችሁ የየራሳችሁ ቆጣሪ ኖሯችሁ 50፣ 50 ብትጠቀሙ፣ ከአገልግሎት ክፍያው ሌላ በድምሩ 82 ብር ግድም ነበር። አንድ ቆጣሪ ላይ 300 ሆኖ ሲደመር ግን 136 ብር ይመጣል። ማንም ምንም ሳይተኩስ።

እማማ፦ (ጀበናውን ከረከቦቱ አንሥተው መልሰው አስቀመጡት።) ምጣድ ተካፍለን ያተረፍነውን፣ ቆጣሪ ተካፍለን ስንመልሰው ኖረናል በለኛ።

ወጣቱ፦ እንደዚያ ነው የሚመስለኝ።

እማማ፦ እዚህ ደግሞ ተገላበጠ። ቆጣሪው የየራስ ነው፤ ምጣዱም የየራስ ሆነ። ሰው በሩን ዘግቶ ይጋግራል፤ ጭሱ በመስኮት ሲወጣ ብቻ ነው የምታውቀው። ከላይ ፎቅ ካለችው ሴት ጋር ለቅዳሜ ተነጋግሬያለሁ፣ ሊጧን ይዛ ትወርዳለች። ሚስትህንም ላካት፤ የታክሲውን ግን አስብበት።

ወጣቱ፦ ልብስ ሰፊዋስ? ታረቃችሁ?

እማማ፦ እሷም እዚሁ ናት፣ ሁለት ብሎክ አልፋ። ቆይ እስቲ፣ ያንን ስልክህን አውጣው። ካውያ ስንት ዋት ነው?