የዩሳኩ ካሜኩራ ቀይ ክብ እና ከእሳቸው በኋላ የመጡት

መግቢያ

ባለፈው ሴሚስተር ያስገባሁት ፖስተር ተመለሰልኝ። የሩጫ ውድድር የሚያስተዋውቅ ነበር። ተራራ፣ ሯጭ፣ ባንዲራ፣ ርግብ፣ ሦስት ዓይነት ፊደል... ያላስገባሁት ነገር የለም። መምህሬ አየት አደረጉና «ታዲያ ፖስተሩ የትኛው ነው?» አሉኝ። ተናደድኩ፤ ሁለት ሌሊት ያልተኛሁበት ሥራ ነዋ! የቆዩ የኦሎምፒክ ፖስተሮችን ሳገላብጥ ግን ጥያቄያቸው ገባኝ። መልሱን ያገኘሁት ከጃፓናዊው ግራፊክ ዲዛይነር ከዩሳኩ ካሜኩራ ሥራ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የእሳቸው ተጽዕኖ እንዴት ትውልድ ሊሻገር እንደቻለ ለማሳየት እሞክራለሁ። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሥራዎቻቸው

ካሜኩራ በ1915 በኒጋታ ተወለዱ፤ በ1997 አረፉ። በ1960 ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ምልክት እንዲያቀርቡ 6 ዲዛይነሮች ተጋብዘው የእሳቸው ተመረጠ። ምን ነበረበት? ትልቅ ቀይ ክብ፣ ከሥሩ 5ቱ ቀለበቶች በወርቅ ቀለም፣ ከዚያ «ቶኪዮ 1964» የሚል ጽሑፍ። በቃ! አበበ ቢቂላ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው በዚሁ ኦሎምፒክ ነው።

«ክብ መሥራትማ ማን ያቅተዋል?» የሚል ጓደኛ አለኝ። እኔም ሞከርኩት። ክቡን ትንሽ ሳሳንሰው ምልክቱ ተራ ማኅተም መሰለ። ኃይሉ ያለው በመጠኑና በዙሪያው ባለው ባዶ ቦታ ነው።

በ1962 የወጣው ሁለተኛው ፖስተራቸው ደግሞ ፎቶግራፍ ነው፤ ሯጮች ከጨለማ ውስጥ ተፈናጥረው ሲነሱ ያሳያል። በ1983 ስለ ሂሮሺማ በሠሩት ፖስተር ላይ የፈንጂ ጭስም ሆነ ሬሳ የለም። በእሳት ተያይዘው የሚወድቁ ቢራቢሮዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ሐዘኑ ግን ልብ ይነካል።

ከእሳቸው በኋላ

እኔን የገረመኝ ካሜኩራ ሌሎች የሚሠሩበትን ቦታ ማመቻቸታቸው ነው። በ1959 ኒፖን ዲዛይን ሴንተርን ካቋቋሙት አንዱ ናቸው። ወጣቶቹ ኢኮ ታናካ እና ካዙማሳ ናጋይ ከመጀመሪያው አብረዋቸው ነበሩ። በ1958 የተወለዱት ኬንያ ሃራም በኋላ እዚያው ገብተው ታዋቂ ሆነዋል። የጃፓን ግራፊክ ዲዛይነሮች ማኅበር በ1978 ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ካሜኩራ ነበሩ። የሂሮሺማውን ፖስተርም ከእሳቸው ቀጥሎ ናጋይና ታናካ በየተራቸው ሠርተውታል።

ልብ በሉ፤ የሃራ ሥራ የካሜኩራን አይመስልም። ካሜኩራ ደማቅና ግዙፍ ናቸው፤ ሃራ ደግሞ ነጭና ጸጥ ያለ ነገር ይወዳሉ። ስለዚህ የተላለፈው መልክ አይደለም። በእኔ አስተያየት የተላለፈው «ምን ይቅር?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ነው። መልክ ብቻ የሚቀዳ ተማሪ ከመምህሩ ጋር አብሮ ያረጃል፤ ጥያቄውን የወረሰ ግን የራሱን ይሠራል።

ማጠቃለያ

ፖስተሬን እንደገና ሠራሁት። ተራራውም ርግቡም ወጡ፤ አንድ ያረጀ የሩጫ ጫማ ብቻ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ርግቧን ሳጠፋ እጄ ተንቀጥቅጧል። መምህሬ በዚህኛው ጊዜ «ፖስተሩ የትኛው ነው?» አላሉኝም። «ፊደሉን ትንሽ ከፍ አድርገው» ብቻ አሉኝ። ለእኔ ይኼ ትልቅ ነገር ነው።